ባሌን በቁርባን ያሰርኩበት ክረምት

ቅናት ኃጢአት ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔን በሕይወት ያቆየኝ ግን ቅናት ነው፤ ይህን ማንም ፊት ብናገር አላፍርም። ልጆቼ «እማዬ ደግሞ ጀመረች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ ይነድ የነበረውን እሳት እነሱ የት አይተውት!

ሳሉ የጀመረኝ ካገባሁ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። በፎገራ መቼም ያልታመመ የለም። ክረምት ውኃው ሜዳውን ሞልቶ ይተኛል፣ ሲጎድል ትንኙ ይነሣል፣ ከትንኙ ኋላ ንዳዱ ይመጣል። እኛ ከበሽታ ጋር ተጎራብተን ነው ያደግን። ስለዚህ መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ቀጥሎ ምች ነው ተባለና ዳማ ከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። ደም ስተፋ ግን ሁሉም ዝም አለ። «ሳንባ ነው» ያለኝ ሰው የለም፤ ዝምታቸው ነው የነገረኝ።

ባሌ በበቅሎ ጭኖ ወንዛዬ ጠበል ወሰደኝ። ፍል ውኃው ውስጥ ተነከርኩ፣ ጸለይኩ፣ ላቤ እንደ ጎርፍ ወረደ። ከጎኔ ጉልበቷ አልታጠፍ ያላት አንዲት ሴት ነበረች። ሱባዔዋን ስትጨርስ በሁለት እግሯ ቆማ እልል እያለች ወጣች። እኔ እንደሄድኩ ተመለስኩ። በሷም ቀናሁ። እግዜር ለጉልበት ጊዜ አለው፣ ለሳንባ ግን የለውም አልኩ። በበቅሎው ላይ ሆኜ እስከ ቤቴ ድረስ ሳጉረመርም ባሌ አንድ ቃል አልመለሰልኝም።

እሱ ድሮም ዝምተኛ ነው። በዕድሜም በብዙ ይበልጠኛል፤ ሲያገባኝ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎ ነበር። ከእኔ ይልቅ ከበሬዎቹ ጋር ብዙ አውርቷል ብል አልዋሸሁም። ልጅ ገና አልነበረንም፤ ሁለቴ አስወርዶኛል። እኔ መደብ ላይ ስወድቅ ቤቱ ውኃ የሚቀዳለት ሰው እንኳ አጣ።

ያኔ ነው እሷ የመጣች። ከአጥራችን ማዶ የምትኖር፣ ከባሏ የተፋታች፣ እኩያዬ የሆነች ሴት ናት። ማንም አልጠራት። ሰው ሲታመም ጎረቤት ሳይጠራ መግባቱ የአገሩ ወግ ነው። ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ ላም ታልባለች፣ በረት ትጠርጋለች፣ እኔንም ታጥበኛለች። ምስጋና ይገባት ነበር። እኔ ግን ከመደቤ ላይ ሆኜ ትንፋሿን ነበር የማዳምጥ። እንስራውን ከጀርባዋ ስታወርድ ትንፋሿ አይቆራረጥም። እኔ ከመደቡ እስከ በሩ ግድግዳ ተደግፌ ስሄድ ዐይኔ ይጨልማል፤ እሷ ወፍጮ ላይ ተደፍታ ትዘፍናለች። እየፈጩ መዝፈን! ለሁለት ሰው የሚበቃ ትንፋሽ ለአንዲት ሴት መስጠት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ብያለሁ።

አንድ ቀን ባሌ ከእርሻ ገብቶ ወጧን ጎረሰና «እጇ ይጣፍጣል» አለ። ወይ ጉድ! ዓመት ሙሉ አፉን የማይከፍት ሰው! እሷ ደግሞ ሳቅ ብላ አንገቷን ደፋች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ያን ዕለት ከሳሉ ይልቅ ያቺ ሁለት ቃል ናት የወጋችኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሌላ ሆነ። ተኝቼ ሞቴን አላስብም፤ ከሞቴ ማግሥት ያለውን ነው የማስብ። የተዝካሬን ጠላ የምትጠምቅ እሷ ናት። እንግዶቹ በልተው ጠጥተው «ነፍስ ይማር» ብለው ይበተናሉ፤ እሷ ዕቃ ለማጠብ ትቀራለች። ቀርታም ትቀራለች። በዓመቱ ልጅ ትወልድለታለች፤ እኔ ያልወለድኩለትን። ሞትን አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ ግን አንጀቴን ያንገበገበው ሞቱ አልነበረም። ጸሎቴ እንኳ ተበላሸ። «እመቤቴ ማርያም ሆይ፣ ማሪኝ» ብዬ እጀምርና መጨረሻው «ይችን ሴት ከቤቴ አውጭልኝ» ይሆናል። ደግሞ ብትወጣ ውኃ የሚያቀብለኝ የለም፤ እሱንም አውቃለሁ። ይህ ራሱ ያቃጥለኝ ነበር።

ቁርባን ትዝ ያለኝ እንዲህ ስንገበገብ ነው። በእኛ አገር ገበሬው በሰማንያ ነው የሚጋባ፤ ሰማንያ ደግሞ ይፈታል። ቁርባን የካህናት ነው፣ አለዚያም አብረው የሸመገሉ ጥንዶች ነው። አንዴ አብረው የቆረቡ ባልና ሚስት አይፋቱም። አንዱ ቢሞት የቀረው ሌላ አያገባም፤ ካገባ «ቁርባን አፍራሽ» ይባላል፣ ስሙ ይጠፋል፣ ከሥጋ ወደሙ ይርቃል። ባሌ ደግሞ እግዜርን የሚፈራ ሰው ነው፤ ቁርባን ከሚያፈርስ አንገቱን ይሰጣል። እሰይ! አልኩ። ከሞትኩም በኋላ የእኔ ነው።

ማታውን ነገርኩት። «እንቁረብ» አልኩት።

የሚጠፍረውን ጠፍር በእጁ እንደያዘ አየኝ። ከዚያ ወጣና ወደ በሬዎቹ ሄደ። ብዙ ቆየ። እኔ እምቢ ሊል ነው፣ ቀድሞ አስቦባት ኖሯል እያልኩ ሳነሣ ስጥል ተመልሶ ገባ።

«እሺ» አለኝ።

ይኸው ነው። ለምን አላለም፣ ምን ታየሽ አላለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ሰውነቴ ግን ቀዘቀዘ። አዝኖልኝ ነው አልኩ። ለሚሞት ሰው ምን ይነፈጋል? የሰው እዝነት እንደዚያ ቀን መርሮኝ አያውቅም፤ ግን ገመዱ ገመድ ነው፣ በእዝነትም ቢታሰር ያስራል ብዬ ዋጥኩት።

የነፍስ አባቴ መጡ። ጠንካራ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቆጡም ሲባርኩም ድምፃቸው አንድ ነው። «ምነው ልጄ፣ በዚህ ዕድሜሽ ቁርባን?» አሉኝ።

«ለነፍሴ ብዬ ነው አባቴ።»

«ለነፍስሽ ብቻ?»

ለነፍስ አባት አይዋሽም። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ወፍጮውን፣ ዘፈኑን፣ «እጇ ይጣፍጣል» ያለውን፣ ጸሎቴ እንዴት እንደሚያልቅ ጭምር። ይቆጡኛል ስል ጭራቸውን አወዛወዙ። «ከቤት እሳት ሸሽተሽም ቢሆን ወደ ደጁ ከመጣሽ እኔ አልመልስሽም» አሉኝ። «ግን ሁለት ነገር አለ። ደም የሚተፋ ሰው አይቆርብም። ከተቀበሉ በኋላ መትፋት የለም፣ አንቺ ደግሞ ጨርቅሽ ከአፍሽ አይለይም። መጀመሪያ ደሙ ይቁም። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት መርፌ አለ ይባላል፤ ሂጅና ተወጊ።»

«ጠበል ይዣለሁ እኮ አባቴ። ጠበል ላይ መርፌ...»

«መርፌውን የሠራው ሰይጣን ነው ያለሽ ማነው? ደግሞ ሁለተኛው። ከዚያች ሴት ጋር ሳትታረቂ ወደ መቅደስ አትቀርቢም።»

«አልተጣላንም እኮ!»

«አንቺ ተጣልተሻታል። እሷ አላወቀችም እንጂ» አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ።

እዩት እንግዲህ ጉዴን። ያን ሁሉ ጊዜ ባሌ ወደ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ሲለኝ በጠበሌ ምዬ እምቢ ብየዋለሁ። አሁን ለመቁረብ ስል መሄድ አለብኝ። መሄዱስ ይሁን፤ እኔ ደብረ ታቦር ብርድ ላይ ስወጋ እነሱ ሁለቱ እዚህ ቤት ሊቀሩ? ወጥ እየሠራችለት? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ አይደል!

አሰብኩ፣ አሰብኩና ዘዴ መጣልኝ። ሐኪም ቤቱ ያለ አስታማሚ አይቀበልም ተባለ። «እሷ ታስታምመኝ» አልኩ። ባሌ ግራ ተጋባ፤ «አንች እኮ አትወጃትም» አለኝ። ማየቱ አይቀር ኖሯል! «እወዳታለሁ፣ እጇም ይጣፍጣል» አልኩት። እሷ ስትጠየቅ ሳታመነታ ነጠላዋን ለበሰች። ጥምቀት እንዳለፈ ባሌ ወረታ ድረስ በበቅሎ አደረሰን፣ እዚያ ከጭነት መኪና ላይ እህል መሃል አስቀመጠን። መኪናው ሲነሣ እሱ መንገዱ ላይ ቆሞ ሲያየን ዐይኑ በማናችን ላይ እንዳለ ለማወቅ አንገቴ እስኪቀጭ ዞሬ አየሁ። አቧራው ጋረደኝ።

ደብረ ታቦር ከሐኪም ቤቱ አጠገብ ጎጆ ተከራየን። በየዕለቱ መርፌ ነው፤ መቀመጫዬ ወንፊት ሆነ። ሁዳዴ ሲገባ መርፌ የሚወጋኝ ድሬሰር «ወተት ጠጪ፣ እንቁላል ብዪ» አለኝ። የነፍስ አባቴ ለሕመምተኛ ፈቅደው ልከውኛል፤ ግን እሷ ጾማ፣ ምድር ላይ ወድቃ ስትሰግድ፣ እኔ እንደ ሕፃን ወተት ስጠጣ! በጾሟም ቀናሁባት። ረሃቧ እንኳ አማረኝ። «ለእኔም ስገጅልኝ» ማለት ሲገባኝ «አቧራ አታቡኝብኝ» አልኳት። እሷ ሳቀችና ወደ ውጭ ወጥታ ሰገደች።

ማታ ማታ እግሬን በሁለት እጇ ይዛ ታሞቀዋለች። የደብረ ታቦር ብርድ እንደ ፎገራ አይደለም፣ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሰው የሚጠላትን ሴት እግሩን ሲያስይዛት የሚሰማውን የቀመሰ ያውቀዋል። ባልጠላት ይሻለኝ ነበር። ግን ጥላቻውም ደሙም በአንድ ቀን አይቆምም።

ደሙ ቀድሞ ቆመ። ጨርቁ ንጹህ ሆኖ ያደረበት ጧት እልል አለች፤ እኔ ሳልጀምር እሷ። ከዚያ ወዲህ ማምለጫ አልነበረኝም። የአባ ሁለተኛው ትእዛዝ ቀርቷል። አንድ ቀን ሽሮ ስታማስል ድንገት፣ «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ምን አደረግሽኝ?»

ነገርኳት። ስሞት ባሌን ታገባለች ብዬ እንደማስብ፣ ለዚህም ስል ይዤአት እንደመጣሁ፣ ትወገድልኝ ብዬ እንደጸለይኩ ሁሉ። ታለቅሳለች ወይም ትስመኛለች ብዬ ነበር። ማማሰያውን አስቀመጠችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

«የአንችን ባል? እኔ?» አለች። «ያንን ሽማግሌ? ኧረ ወዲያ! ሲበላ መንጋጋው ሲንቀጫቀጭ ከአጥር ማዶ ይሰማኛል! አንድ ባል ፈትቼ ዐርፌ የተቀመጥኩ ሴትዮ፣ አሁን ደግሞ ያንን ዝምታ ልሸከም? እኔ ለአንች ነው የመጣሁ፣ አንች ደንቆሮ! አብረን ውኃ ስንቀዳ ያደግን መስሎኝ!»

እኔም ተናደድኩ። ይቅርታ እየጠየቅሁ ተናደድኩ! «ባሌ ምን ጎደለው?» አልኳት። «ምን የመሰለ ወንድ! ፎገራ ውስጥ እንደሱ የሚያርስ አለ?»

«ታዲያ ጥሩ ነው ልበል? ልመኘው? ምን በይ ነው የምትይኝ?»

ተያየን። ከዚያ ሳቅ መጣ። እኔ ስስቅ ሳሉ ይዞኝ ተንከባለልኩ፣ እሷ ጀርባዬን እየመታች «ሳትሞች በፊት ይቅር ብዬሻለሁ» ትላለች። ሽሮው አረረ። ያረረውን በላን። ታረቅን ማለት ነው እንግዲህ፤ ቅናቴ ግን ጨርሶ አልሄደም። የሄደ መስሎኝ ነበር፣ ሰኔ ላይ ቤት ገብተን ባሌ «ደህና ከረምሽ» ሲላት እንደገና ቆነጠጠኝ። ቅናት እንደ ንዳድ ነው፤ ለቀቀኝ ስትል ይመለሳል።

የምንቆርበው በፍልሰታ ሆነ። ሕዝቡ ጉድ አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! «ገና ልጅ ሳይወልዱ?» ይላሉ። አንዳንዱም «ሞቷን አውቃ ነው» ይላል፣ እኔ እየሰማሁ። ነሐሴ ደግሞ ውኃው ሜዳውን የያዘበት ወር ነው። የማርያም ቤተ ክርስቲያን ጉብታ ላይ ናት፤ ዙሪያዋን የርብ ወንዝ ሞልቶባታል። ባሌ እኔን በጀርባው አዝሎ ውኃውን ሊሻገር ተነሣ። እኔ ከላይ ሆኜ፣ «አልቅት! እግርህን ሸፍን!» እላለሁ። አልቅት ቢይዘው ይደማል፣ የደማ ሰው ደግሞ አይቆርብም፤ ያ ሁሉ መርፌ፣ ያ ሁሉ ወራት ለአንድ አልቅት ሊሆን ነው! ቁልቁል አይቶ እግሩን በጨርቅ ጥፍር አድርጎ ጠቀለለና ገባበት። ውኃው እስከ ወገቡ ደረሰ። ከኋላችን ያቺ ጎረቤቴ ልብሳችንን በራሷ ተሸክማ፣ «ቀስ በል አንተ ሰው፣ እንስራ አይደለም የያዝከው!» እያለች ትጮኻለች። ማዶ ስንደርስ ተንበርክኬ እግሩን ጣት በጣት አየሁት። ንጹህ ነው።

ቅዳሴው ረዘመ። ቆሜ ማስቀደስ አልቻልኩም፣ ምሰሶ ተደገፍኩ። ደሙ ቢቆምም ሳሉ ገና አልለቀቀኝም ነበር፤ ምላሴን ከላንቃዬ አጣብቄ በአፍንጫዬ እተነፍሳለሁ። ሥጋውን ተቀበልኩ። ደሙን ተቀበልኩ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ወዲያው፣ የቅዳሴ ጠበሉ ገና ሳይደርሰኝ፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ።

ያ ማሳከክ! የቀመሰው ያውቀዋል። ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ እንባዬ ፈሰሰ። ብስል፣ አንዲት ጠብታ ብትወጣ፣ ወዮልኝ። ያን ጊዜ ባሌ አልታየኝም። ጎረቤቴ አልታየችኝም፣ ተዝካሬ አልታየኝም፣ ከእኔ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ቁብ አልሰጠኝም። «ጌታዬ፣ አንተን ከአፌ አታውጣብኝ» ብቻ ነው ያልኩ። ከታመምኩ ጀምሮ የማንም ስም ሳይገባበት የጸለይኩት ጸሎት ያ ነበር። ዲያቆኑ ጠበሉን አመጣ። አንድ ጉንጭ ወረደ። ማሳከኩ ተኛ።

ከዚያ በኋላስ ዳንኩ። መርፌው ነው፣ ቁርባኑ ነው፣ ወተቱ ነው እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔ ከሁሉም ጠጥቻለሁ፣ ማንን አመስግኜ ማንን እተዋለሁ? ልጆች ወለድን። ጎረቤቴ ለሁለቱ ክርስትና እናት ሆነች፤ ሌላ ባል ሳታገባ፣ እኔን ስትሰድብ ኖረች።

አንድ ነገር ብቻ ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ያች «እሺ» ያላት። ለዓመታት ስታሳክከኝ ኖረች። ሴት ባሏ አዝኖላት ታስሮላት ሲኖር ደስ አይላትም። ልጠይቀው እልና እፈራለሁ፤ አዎ አዝኜልሽ ነው ቢለኝስ? በመጨረሻ በአንድ የማርያም ማኅበር ዕለት ጠላ ቀምሶ ገባ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለም? አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ለመሆኑ ያን ጊዜ እንቁረብ ስልህ ለምን እሺ አልከኝ?» አልኩት። «ትሞታለች ብለህ አዝነህልኝ ነው፣ አይደል?»

«ማን ነው የሚሞት?» አለኝ።

«እኔ ነኛ!»

ዞሮ አየኝ፣ የማያውቃትን ሴት እንደሚያይ። «አንች ትሞቻለሽ ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም» አለ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ አንች ልጅ ነሽ፤ ቀድሜ የምሞት እኔ ነኝ። ድነሽ፣ ወፍረሽ፣ አምሮብሽ፣ እኔ ስሞት አንድ የወረታ ነጋዴ መጥቶ በመደቤ ላይ እግሩን ዘርግቶ ሊቀመጥ ነው እያልኩ ስቃጠል ነበር። እንቁረብ ስትይኝ እግዜር አፍሽን ከፈተልኝ አልኩ። ደስታዬን እንዳታይብኝ ነው ወደ በሬዎቹ የሄድኩ።»

እኔ መደብ ላይ ሆኜ የተዝካሬን ጠላ ማን ይጠምቀዋል እያልኩ ስንገበገብ፣ እሱ በሬዎቹ መሃል ቆሞ ከሁለተኛው ባሌ ጋር ይጣላ ነበር! አገሩ ሁሉ ቀብሮኛል። እኔም ራሴን ቀብሬአለሁ። እሱ አንዱ ብቻ እንደምኖር አምኖ ይቀናብኝ ኖሯል። አለቀስኩ፤ በበሽታዬ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። እሱ ክፉ የተናገረ መስሎት ደንግጦ ውኃ አመጣልኝ።

እንዳለውም ቀደመኝ። ካረፈ ከጊዜ በኋላ ሽማግሌ የላከብኝ ሰው ነበር፣ ደህና ንብረት ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው። ሽማግሌዎቹን አስቀምጬ ጠላ ቀዳሁላቸውና፣ «ባሌ አስሮኝ ነው የሞተ» አልኳቸው፣ ደስ እያለኝ። አዝነውልኝ ሄዱ።